«በልጄ አንጎል ውስጥ ድንጋይ ተገኘ ተባልኩ»

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ልጄ እያጠና ሳለ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ብቻውን ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሌላው እጁ ጨብጦ ይዞት «እማዬ፣ እጄ እንቢ አለኝ» አለኝ። መንቀጥቀጡ ወደ ክንዱ ወጣ፣ አፉ ወደ ቀኝ ተጣመመ፣ ከዚያ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሲነቃ ቀኝ እጁ ግማሽ ሰዓት ያህል አልታዘዝ ብሎት ነበር። ከሳምንታት በኋላ እንዲሁ ሲደገምበት በሲቲ ስካን ታየ፤ በግራ አንጎሉ ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር የሚሆን የካልሲየም ክምችት ተገኘ። ሐኪሙ የሞተ የአሳማ ኮሶ ትል እጭ ሳይሆን አይቀርም አለን። እኛ ቤት ግን የአሳማ ሥጋ ተበልቶ አያውቅም። የሚጥል ሕመም መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ አልጣለውም። እኔ ካልሲየም እንዳይጨምርበት ብዬ ወተት ከልክዬዋለሁ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ድንጋዩን የሚያሟሟ ዱቄት ላምጣላችሁ ይላል። በቀዶ ሕክምና ወጥቶ መገላገል አይቻልም? መድኃኒቱንስ መቼ እናቁምለት? ወደ ትምህርቱና ወደ እግር ኳሱስ ልመልሰው?

የጨነቃት እናት

መልስ፦ ውድ እናት፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆነው ያዩትን ሁሉ በቅደም ተከተል መጻፍዎ ትልቅ ነገር ነው። ከስካኑ ውጤት ይበልጥ ብዙ የሚናገረው የልጅዎ አውራ ጣት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

በአንጎል የላይኛው ቅርፊት ላይ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የሚታዘዝበት የራሱ ቦታ አለው። ግራው አንጎል ቀኝ ጎናችንን፣ ቀኙ አንጎል ግራ ጎናችንን ያዛል። በዚያ ቦታ ላይ አውራ ጣት፣ እጅና ፊት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ረቂቅ ሥራ የሚሠሩ በመሆናቸውም ከሌላው አካል ሰፋ ያለ ድርሻ ይዘዋል። በአንድ ነጥብ ላይ የተነሣ የኤሌክትሪክ ሁከት ወደ ጎረቤቱ ሲዛመት ከውጭ የሚመለከት ሰው መንቀጥቀጡ ከጣት ወደ ክንድ፣ ከዚያም ወደ ፊት ሲጓዝ ያያል። እርስዎ ያዩት ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሕያው ሰውን አንጎል የሚያሳይ መሣሪያ ባልነበረበት ጊዜ፣ ሕመምተኞቹን በጥንቃቄ በማየት ብቻ ይህን ጉዞ ተረድቶት ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ልጁ ከነቃ በኋላ እጁ ለግማሽ ሰዓት አልታዘዝ ማለቱም የታወቀ ነገር ነው፤ ሐኪሞች የቶድ ሽባነት ይሉታል። ሁከቱ ያደከመው የአንጎል ክፍል እስኪያገግም የሚቆይ ድካም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ራሱን ችሎ ይለቃል።

እንግዲህ ክምችቱ በግራ አንጎል ነው፤ መንቀጥቀጡ የሚጀምረው በቀኝ እጅ ነው። ያቺ ነጭ ነጥብ እጅን ከሚያዘው ቦታ አጠገብ ከሆነች ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም ማለት ይከብዳል። ይህን በምስሉ ላይ የሚያረጋግጠው ሐኪሙ ነው። ነገር ግን ስለ ጣቱ ነግረውታል? ብዙ ጊዜ በሕመምተኛው ካርድ ላይ የሚሰፍረው «ወድቆ ተንቀጠቀጠ» የሚለው ብቻ ነው፤ ከመውደቁ በፊት የነበሩት ጥቂት ሰከንዶች ሳይነገሩ ይቀራሉ። የሕመሙ መነሻ ያለው በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለእኔ እንደጻፉት አድርገው ይንገሩት።

አሁን ወደ ክምችቱ። ስካኑ ላይ ነጭ ሆኖ የታየው የካልሲየምና የፎስፌት ቅንጣት ነው፤ ከአጥንታችን ጋር ተቀራራቢ ማዕድን ነው። ሰውነት ይህን ማዕድን የሚያስቀምጠው ብዙውን ጊዜ ጉዳት በደረሰበት፣ ሕዋሳት በሞቱበት ወይም ጥገኛ ተሕዋስ ገብቶ በከሰመበት ቦታ ነው። እሳት ነድዶ በጠፋበት ቦታ አመድ እንደሚቀር ማለት ነው። ስለዚህ ልጅዎ ትናንት ወይም አምና የጠጣው ወተት በአንጎሉ ውስጥ አልተከመረም። በደም ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን በአንገታችን ውስጥ ባሉት ፓራታይሮይድ በሚባሉ ትናንሽ ዕጢዎችና በቫይታሚን ዲ አማካይነት በጠባብ ልክ የሚጠበቅ ነው። ከምግብ ሲጎድል ሰውነት ከአጥንት እየወሰደ ያሟላል እንጂ በአንጎል ካለው ጠባሳ አያነሣም። ልጅዎ ደግሞ አጥንቱን በሚገነባበት ዕድሜ ላይ ነው። የሚወስደው መድኃኒት ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን ወይም ፌኖባርቢታል ከሆነ ጉዳዩ ይብሳል፤ እነዚህ መድኃኒቶች ቫይታሚን ዲን ቶሎ እንዲሰባበር እያደረጉ ከጊዜ ብዛት አጥንትን ሊያሳሱ ይችላሉ። እባክዎ ወተቱን ዛሬውኑ ይመልሱለት።

ስለ ዱቄቱ የምለው አጭርና ጥብቅ ነው፤ አይስጡት። በአንጎል ውስጥ የተቀመጠ ካልሲየምን እንደሚያሟሟ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። አንድ ነገር በእርግጥ ካልሲየምን የመሳብ ኃይል ቢኖረው እንኳ መጀመሪያ የሚያገኘው በደም ውስጥ ያለውን ነው። የደም ካልሲየም ሲወርድ ደግሞ ጤናማ አንጎል ያለውም ሰው ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። ካልሲየምን የሚስበው ኢ ዲ ቲ ኤ የሚባል ኬሚካል ያለ አግባብ ተሰጥቷቸው የደማቸው ካልሲየም በድንገት ወርዶ የሞቱ ሰዎች በሕክምና መዛግብት ተመዝግበዋል። ዘመድዎ ይህን የሚለው በክፋት እንዳልሆነ አልጠራጠርም፤ መልሱ ግን እንቢ ነው።

«የሞተ ነገር እንዴት ሕያው ልጅ ይጥላል?» የሚለው ጥያቄ በደብዳቤዎ መስመሮች መካከል ይነበባል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የካልሲየሙ ቅንጣት ራሱ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ችግሩ ያለው በዙሪያው ነው። በዙሪያው ያሉት የነርቭ ሕዋሳት በጠባሳ ተከበዋል፤ የእርስ በርስ ግንኙነታቸው ተዛብቷል፤ በቀላሉ ይቆጣሉ። ከሞተው እጭ የሚቀሩ ቅሪቶች ደግሞ የሰውነትን መከላከያ አልፎ አልፎ የሚቀሰቅሱት ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ በነጥቧ ዙሪያ እብጠት ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ በፔሩ የተካሄደ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። እንዲህ ያለ የደረቀ ክምችት ኖሯቸው መንቀጥቀጥ ከደረሰባቸውና ወዲያው በኤም አር አይ (በማግኔት ኃይል የአንጎልን ምስል በሚያነሣ መሣሪያ) ከታዩት ሰዎች ግማሾቹ በክምችቱ ዙሪያ እብጠት ተገኝቶባቸዋል፤ ተመሳሳይ ክምችት ኖሯቸው በዚያ ወቅት መንቀጥቀጥ ካልደረሰባቸው መካከል ግን እብጠት የታየባቸው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም። ለዓመታት ዝም ብላ የቆየች ነጥብ አንድ ቀን ልትነሣ የምትችለው እንዲህ ነው። ወራት አልፈው ቢጥለው ክምችቱ አደገ ማለት እንዳልሆነም ከዚህ ይረዱ።

የኮሶ ትል ነገር እንደ ስድብ ተሰምቶዎታል፤ ከአጻጻፍዎ ይታወቃል። ሐኪሙ ስለ ቤትዎ ንጽሕናም ሆነ ስለ ማዕድዎ የተናገረው ነገር የለም። የትሉ ዑደት ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በደንብ ያልበሰለ፣ እጭ ያለበት የአሳማ ሥጋ የበላ ሰው የሚያገኘው በአንጀቱ የሚኖረውን ረጅሙን ትል ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው እጭ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ትሉ በአንጀቱ ያለበት ሰው ከሰገራው ጋር እንቁላሎችን ያወጣል፤ እነዚያ እንቁላሎች በእጅ፣ በውሃ ወይም ባልታጠበ አትክልት አማካይነት ወደ ሌላ ሰው አፍ ሲገቡ እጩ ከአንጀት በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ሥጋውን በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ሊያዝ ይችላል፤ ይያዛልም። እጩ ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ይኖርና ሲሞት ይደርቃል። ከየትና መቼ እንደመጣ ወደ ኋላ ተጉዞ መፈለግ አይቻልም፤ እናትም ይህን ልታስቀር አትችልም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ከሚጥል ሕመም 30 በመቶ ያህሉ ከዚህ እጭ ጋር የተያያዘ ነው። ብቻዎን አይደሉም።

ሐኪሙ «ሳይሆን አይቀርም» ማለቱን ልብ ይበሉ፤ ቃሉን በጥንቃቄ መርጧል። ተመሳሳይ ነጥብ የሚተዉ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ የዳነ የአንጎል ቲቢ፣ የደም ሥር እንከን፣ አንዳንድ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዕጢዎችም። ይህን የጻፍኩት ላስፈራዎት አይደለም፤ ሐኪሙ ኤም አር አይ ቢጠይቅ «ሲቲው አልበቃ ብሎ ነው?» እንዳይሉ ነው። ሲቲ ስካን ካልሲየምን ከሁሉ አጥርቶ ያሳያል፤ በዙሪያው ያለውን እብጠት፣ ጠባሳና ለስላሳ አካል አጥርቶ የሚያሳየው ግን ኤም አር አይ ነው። የትሉን ምልክት የሚፈልገው የደም ምርመራ ነጻ ቢወጣም አይደነቁ፤ በአንጎል ውስጥ ያለው አንድ የደረቀ እጭ ብቻ ሲሆን ምርመራው ብዙ ጊዜ ሳያገኘው ይቀራል። እጩ ሞቶ ከደረቀ የትል መድኃኒት አያስፈልገውም፤ የሚገድለው ነገር የለም። በሕይወት ያሉ ሌሎች እጮች ከተገኙ ግን አልቤንዳዞልና መሰል መድኃኒቶች ከእብጠት መከላከያ ጋር በሐኪም ክትትል ይሰጣሉ። እጮቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ አንጎል ሊያብጥ ስለሚችል፣ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በቤት ውስጥ መስጠት አደገኛ ነው። በተጨማሪ ቤተሰቡ በሙሉ የሰገራ ምርመራ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ትሉን የተሸከመ ሰው ከተገኘ በቀላል መድኃኒት ይድናል፤ ሌሎችም ይተርፋሉ።

ይህን ዓምድ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎችም «ካልሲፊኬሽን» (የካልሲየም ክምችት) የሚል ቃል የያዘ ወረቀት ይዘው ይሆናልና ትንሽ ወጣ ልበል። በአንጎል ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ሁሉ በሽታ አይደለም። በብዙ አዋቂዎች ዘንድ ፒኒያል የምትባለው ትንሽ ዕጢ ካልሲየም ይዛ ትገኛለች፤ የአንጎልን ፈሳሽ የሚያመነጨው ሥሥ አካልም እንዲሁ። በዕድሜ በገፉ ሰዎች በአንጎል ጥልቅ ክፍል፣ ቤዛል ጋንግሊያ በሚባለው ቦታ፣ ትንሽ ክምችት መታየቱ የተለመደ ነው። ለራስ ምታት ተብሎ በተነሣ ስካን ላይ እንዲህ ያለ ነገር የታየበት ሰው የሚጥል ሕመም አለብኝ ብሎ መጨነቅ የለበትም። የሚጥል ሕመም የሚነሣው በአብዛኛው ከላይኛው ቅርፊት ነውና የክምችቱ ቦታ ከመጠኑ ይበልጣል።

በጥልቁ ክፍል በሁለቱም ጎን ብዙ ክምችት ከታየ ግን አንድ ቀላል የደም ምርመራ መዘለል የለበትም፤ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ ማግኒዚየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ነው። አራቱ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች በአንገት ፊት ካለው የታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የተለጠፉ ናቸው። በእንቅርት ቀዶ ሕክምና ጊዜ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ያለ ቀዶ ሕክምናም ሥራቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ የደም ካልሲየም ይወርዳል፣ ፎስፌት ይጨምራል፤ ከዓመታት በኋላም በደሙ ካልሲየም በጎደለው ሰው አንጎል ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል። ከንፈሩ ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ አንድ ቀን ደግሞ ይጥለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ለዓመታት የሚጥል ሕመም መድኃኒት ሲቀያየርለት ሊኖር ይችላል፤ የሚያስፈልገው ግን ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ነው። ወተት መከልከል ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት! የልጅዎ ነጥብ አንድ ብቻና በአንድ ጎን ስለሆነች ይህ የእሱ ታሪክ አይመስልም፤ ምርመራው ቀላል ነውና ካልተሠራለት ግን ይጠይቁ።

ከሕፃንነት ጀምሮ በቆዳ ላይ ከሚታዩ ምልክቶች ጋር የሚመጡ ክምችቶችም አሉ፤ ነጣ ያሉ የቅጠል ቅርጽ ያላቸው ነጠብጣቦች፣ ወይም በግንባርና በዐይን ቆብ ላይ የተዘረጋ ወይን ጠጅ መልክ ያለው የትውልድ ምልክት። በአንጎል የኋላ ክፍል ያለ ክምችት ደግሞ ከግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ካለው ፕሮቲን) ጋር ከማይስማማ አንጀት ጋር ተያይዞ ሊገኝ ይችላል። እነዚህ የየራሳቸው ሕክምና ስላላቸው ሐኪሙ ልብስ አስወልቆ ቆዳን ቢያይ ወይም ስለ ሆድ ቢጠይቅ ከጉዳዩ የወጣ አይደለም።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። መድኃኒቱን መቼ ታቁሙለት? አሁን አይደለም። «ከጀመረ ወዲህ አልጣለውም» ያሉት መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው፤ ሕመሙ ስለጠፋ አይደለም። በመካከላቸው ከአንድ ቀን በላይ ርቀት ያላቸው፣ ያለ ሌላ አስገዳጅ ምክንያት የመጡ ሁለት መንቀጥቀጦች የሚጥል ሕመም ናቸው፤ በአንጎል ላይ የሚታይ መነሻ ሲጨመርበት ደግሞ የመደገም ዕድሉ ከፍ ይላል። ብዙውን ጊዜ ሐኪሞች መድኃኒት ስለ ማቆም የሚያነሡት ቢያንስ ሁለት ዓመት ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ሲያልፍ ነው፤ ክምችት በቀረበት ሰው ላይ ከዚያም ሊዘገዩ ይችላሉ። ሲቆምም በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። በድንገት ማቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ነው። በትክክል የሚታከሙ ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ ያለ መንቀጥቀጥ መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ የልጅዎ አጀማመርም ተስፋ የሚሰጥ ነው። መድኃኒቱ እንቅልፍ፣ ሽፍታ ወይም የጠባይ ለውጥ ካመጣበት ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ ራስዎ አይቀንሱት። ሽፍታ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።

በቀዶ ሕክምና ማስወጣትን በተመለከተ፣ ነጥቧን ማውጣት እጅን የሚያዘውን ቦታ መንካት ሊሆን ይችላል። በአንድ መድኃኒት ለቆመ መንቀጥቀጥ ያንን ድፍረት የሚመክር የለም። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው በአግባቡ የተመረጡና በትክክል የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ሳያቆሙት ሲቀሩ፣ ወይም ኤም አር አዩ ሌላ ነገር ካሳየ ነው። ነጥቧ ዕድሜውን ሁሉ እዚያው ልትኖር ትችላለች፤ ግቡ እንዳትጥለው ማድረግ ነው።

ወደ ትምህርቱ በእርግጥ ይመለስ። ኳሱንም ይጫወት፤ ክምችቱ በሩጫ ከቦታው አይነቃነቅም። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ብቻውን አይዋኝ፣ ከፍታ ላይ አይውጣ፣ ሲታጠብ በሩን ከውስጥ አይቆልፍ፤ መኪና ስለ መንዳት ጊዜው ሲደርስ ይነጋገሩበታል። እንቅልፍ ማጣትና የመድኃኒት ሰዓት መዝለል ከኳስ ይልቅ ይጎዱታል፤ ለፈተና ብሎ ሌሊቱን እንዳያነጋ ይቆጣጠሩት። ለአስተማሪዎቹና ለአንድ ሁለት ጓደኞቹ ደግሞ እሱ ባለበት፣ እሱም ተስማምቶ፣ ይንገሯቸው። ቢጥለው በጎኑ ያስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ በአፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አያስገቡ፣ እጅና እግሩን ጨብጠው አይያዙ፣ ክብሪት አያሽትቱት፣ ሰዓት ይመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ወደ ሕክምና ይውሰዱት። አንዱ ጓደኛው በስልኩ ቢቀርጸው ደግሞ ለሐኪሙ ብቻ የሚታይ ሆኖ ትልቅ እርዳታ ነው፤ መቅረጹን ከጣቱ ይጀምር።